ለመሳለም ስንነሣ መመለሻችንን አስቀድመን እንቁጠር

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በጂንካ ዙሪያ ባለ ደጋማ መንደር ፊደል ለማስተማር የተመደብን ተማሪዎች ነን። አንድ ቀን ማታ የንባቡ ትምህርት አብቅቶ ደብተር ስንሰበስብ አንዲት እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀሩ። ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር አስሉልኝ፤» አሉን።

«ምን እናስላ እማማ?»

«ልጄ ታሞ በነበረ ጊዜ ላሊበላ በእግሬ ሄጄ ልሳለም ተስያለሁ። ልጄ ድኗል። ስለቱ ግን ከረመ። ዘንድሮ ላሚቱን ሸጬ ልነሣ ነው። ገንዘቡ ይበቃኛል ወይ?»

እኛም ወዲያው መልስ አልሰጠንም። የላሚቱ ዋጋ ይበቃል ወይም አይበቃም ለማለት በመጀመሪያ መንገዱን፣ ቀኑን፣ ስንቁንና ቤቱን መቁጠር ያስፈልጋል። በማግሥቱ ከሌሎች ሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠን በደብተር ላይ አሰላን። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ያን ሂሳብ የሚያስረዳ ነው። ለረጅም የእግር ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣ ማንኛውም ሰው፣ የሚሄድበት ቦታ ሌላ ቢሆንም እንኳ፣ ሊሠራበት ይችላል።

በእግር መሳለም የቆየ ልማድ ነው

በእግር ተጉዞ መሳለም በአገራችን ከጥንት የመጣ ነው። ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በድሮ ዘመን በረሃ አቋርጠው እስከ ኢየሩሳሌም ይሄዱ ነበር። በዛሬው ጊዜም ብዙ ሕዝብ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ለገና ደግሞ ወደ ላሊበላ ይጓዛል። በባሌ ወደሚገኘው ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ሙስሊሞችም ጫፉ ባላ የሆነ ዱላቸውን ይዘው ከሩቅ አገር በእግራቸው ይመጣሉ።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። በስፔን አገር ሳንቲያጎ ወደሚባል ከተማ የሚወስድ የቆየ የተሳላሚ መንገድ አለ። ከፈረንሳይ ድንበር ጀምሮ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰዎች አንድ ወር ከጥቂት ቀን ይጓዙበታል። በመካከለኛው ዘመን ከዚያ አገር የሚነሡ ተሳላሚዎች ከመሄዳቸው በፊት ዕዳቸውን ከፍለው፣ ኑዛዜያቸውን አጽፈው ይወጡ ነበር። በእስልምናም ሐጅ ግዴታ የሚሆነው አቅም ላለው ሰው ነው። አቅም ማለት የራስን ስንቅ መያዝ ብቻ አይደለም። ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ለቤተሰቡ የሚበቃ ትቶ መሄድም ይጨመርበታል።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? የቀደሙ ተሳላሚዎች ከቤት የሚወጡት ቤታቸውን አሰናድተው እንደነበረ ነው። መሳለም ማለት ደርሶ መመለስ ነው። ስለዚህ መመለሻውን ያልቆጠረ ሰው ገና አልተሰናዳም።

መጀመሪያ መንገዱን እንቁጠር

ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ስንቅ ተሸክሞ፣ እያረፈ፣ ዳገት እየወጣ ሲሄድ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ደኅና ነው። «እኔ በቀን 40 እሄዳለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን ይሄድ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ግን እግሩ ውኃ ቋጥሮ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል።

ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ አድርገን አርባ ምንጭ ስንደርስ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል 450 ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400፣ ከደሴ ወልድያ 120፣ ከወልድያ በጋሸና በኩል ላሊበላ 180 ያህል ይሆናል። እንግዲህ እንደምር፦

250 + 450 + 400 + 120 + 180 = 1,400 ኪሎ ሜትር

1,400 ለ25 ሲካፈል 56 ቀን ይሆናል። በየሰባት ቀኑ አንድ ቀን ብናርፍ 8 ቀን እንጨምርበታለን። ጠቅላላው 64 ቀን ነው። ይህ መሄጃው ብቻ ነው። መመለሻው ሌላ 64 ቀን ነው። በበዓሉ ሦስት ቀን ብንቆይ ድምሩ 131 ቀን ይሆናል። ከአራት ወር በላይ ማለት ነው።

አሁን ይህን ቁጥር በዓመቱ የሥራ ወራት ላይ እናስቀምጠው። የላሊበላ የገና በዓል ታኅሣሥ 28 እና 29 ይከበራል። ታኅሣሥ 26 ለመድረስ ከጂንካ ጥቅምት 23 መነሣት ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 30 ጉዞ ጀምሮ የሚመለሰው ሰው ቤቱ የሚገባው መጋቢት 3 ቀን ነው። በዚህ መካከል ምን አለ? የጤፍ አጨዳ አለ። ውቂያ አለ። ለበልግ ማሳ ማለስለስ አለ። ሰውየው ሲመለስ የበልጉ ዝናብ ደጅ ላይ ይጠብቀዋል፤ የእርሱ ማሳ ግን አልታረሰም።

ይህን በደብተራቸው ላይ ሲያዩ እማማ ዝም አሉ። ቀጥለው «ታዲያ ስለቴን ላፍርስ ነው የምትሉኝ?» አሉን።

አይደለም። ሂሳብ የሚሠራው መንገድ ለመምረጥ ነው፤ ከመንገድ ለማስቀረት አይደለም።

የተመረጠው መንገድ

ከብዙ ውይይት በኋላ አራቱ ሰዎች በመንደራቸው ያሉትን የንስሐ አባት አማከሩ። ሁሉንም በእግር መሄድ ቀርቶ እስከ ወልድያ በመኪና፣ ከወልድያ እስከ ላሊበላ ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ደግሞ በእግር ለመሄድ ተስማሙ። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። የወልድያው መንገድ ወደ ደጋ ይወጣል። በጋሸና አካባቢ በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል።

180 ለ25 ሲካፈል 7 ቀን ከጥቂት ይሆናል። 8 ቀን ብለን ያዝነው። አንድ ቀን ዕረፍት ጨመርን። ሂሳቡ እንዲህ ሆነ፦

በመኪና መሄጃ 4 ቀን
በእግር ከዕረፍት ጋር 9 ቀን
በዓሉ 3 ቀን
በመኪና መመለሻ 5 ቀን
ድምር 21 ቀን

ታኅሣሥ 14 የተነሣ ሰው ጥር 4 ቤቱ ይገባል ማለት ነው። 131 ቀን የነበረው 21 ቀን ሆነ። አጨዳው ያለፈበት ወቅት ነው። የቀረውን ውቂያ ጎረቤት በደቦ ያግዛል። እነርሱም ሲመለሱ በሌላው ደቦ ጉልበታቸውን ይመልሳሉ።

ቀጥሎ ገንዘቡን እንቁጠር

የጉዞ ወጪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመኪና ዋጋና ምግብ ነው። እኛ ግን ወጪውን በሰባት መስመር ጻፍነው። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ለሂሳብ መለማመጃ እንዲመች የተመረጠ ነው። ትክክለኛውን ዋጋ ከመናኸሪያና ከገበያ ጠይቃችሁ በራሳችሁ ደብተር ሙሉት። ለአንድ ሰው፦

1. ለመኪና መሄጃና መመለሻ 2,800 ብር
2. ለስንቅና ለምግብ 900 ብር
3. ለማደሪያ 500 ብር
4. ለሳሙናና ለመድኃኒት 200 ብር
5. ለስለትና ለምጽዋት 400 ብር
6. ለቤት የሚተው 600 ብር
7. መጠባበቂያ 600 ብር
ድምር 6,000 ብር

ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚረሳው ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ነው። እነርሱን የረሳ ሰው በደረሰበት ቦታ ለስለቱ ይሰጣል፣ ለነዳያን ይሰጣል፣ ጧፍና መስቀል ይገዛል። ከዚያ በኋላ ኪሱን ሲዳስስ ባዶ ነው። ባገሩ የተከበረ ገበሬ ለመመለሻው መኪና ሰው ደጅ ቆሞ ይለምናል። ወይም ደግሞ ከባለገንዘብ በአራጣ ይበደራል። የጉዞው በረከት ወደ ዕዳ ይለወጣል።

ስለዚህ እኛ ያወጣነው ደንብ እንዲህ የሚል ነው። ከ2,800 ብር ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 1,400 ብር፣ የመመለሻ ነው። ይህ ገንዘብ በጨርቅ ተቋጥሮ ለብቻው ይቀመጣል። ለስለትም ቢሆን፣ ለምጽዋትም ቢሆን አይነካም። የቀረው ገንዘብ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጥቂቱ በኪስ፣ ጥቂቱ በመቀነት፣ ጥቂቱ በታመነ ጓደኛ ዘንድ ይያዛል። የባንክ ደብተር ወይም በስልክ ገንዘብ ማስቀመጫ ያለው ሰው አብዛኛውን እዚያ ቢተው ይሻለዋል። ሕዝብ በሚጋፋበት በዓል ላይ ሌባ አይጠፋም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እማማ «ላሚቱን ሸጬ» ብለው ነበር። ላሚቱ ግን ወተት ናት፣ ቅቤ ናት፣ ጥጃ ናት። የቅቤው ገንዘብ ለልጆች ደብተርና ለጨው ይውላል። ላሚቱ ከተሸጠች የሚጎድለው ዋጋዋ ብቻ አይደለም። በሚቀጥሉት ዓመታት የምትሰጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለጉዞ ብሎ የእርሻ በሬ፣ ላም፣ ወይም የዘር እህል መሸጥ ከቤቱ ምሰሶ ነቅሎ ማገዶ እንደ ማድረግ ነው።

ሌላው መንገድ ቀስ ብሎ ማጠራቀም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለም? 6,000 ብርን ለ40 ሳምንት ስናካፍለው በሳምንት 150 ብር ይሆናል። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት የጀመረ ሰው ታኅሣሥ ከመግባቱ ጋር ሂሳቡን ይጨርሳል። በየቅዳሜው የጂንካ ገበያ ቡና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም ማር ከሸጠው ላይ ያን ያህል ለይቶ ያስቀምጣል።

አራቱ ሰዎች የጉዞ ማኅበር አቋቋሙ። አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ አንዷ ጸሐፊ ሆኑ። ጸሐፊዋ እማማ ናቸው። ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ስም፣ የተከፈለ ገንዘብ። ገንዘቡ ሲቆጠር ሁለት ሰው ይፈርማል። ከዚህ ቀደም በአውራ ጣት ይፈርሙ የነበሩ ሰዎች በእጃቸው ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ደብተር ላይ የተጻፈ ገንዘብ ለጠብ ምክንያት አይሆንም።

ስንቅ

ሰው በእግር ሲሄድ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ስንቅ ያስፈልገዋል። የእግሩ ጉዞ 9 ቀን፣ በዓሉ 3 ቀን፣ ድምሩ 12 ቀን ነው። 12 በግማሽ ሲባዛ 6 ኪሎ ይሆናል። ለመጠባበቂያ የሁለት ቀን ስንጨምር 7 ኪሎ ነው። በመኪና የሚኬድባቸው ቀናት ምግብ ከመንገድ ይገዛል።

ምን ዓይነት ስንቅ? የማይበላሽ፣ የማይከብድ፣ እሳት የማይፈልግ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ቆሎ ውስጥ ሽምብራና ኦቾሎኒ ቢደባለቅበት ጉልበት ይሰጣል። ጨው መዘንጋት የለበትም። ጾሙ ከገና በፊት ስለሆነ ቅቤ የገባበት ጭኮ ለመመለሻው ይቆይ።

ስንቅ፣ ጋቢ፣ ቅያሬ ልብስና ውኃ አንድ ላይ ከ12 ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሸክም በመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ይመስላል። በአምስተኛው ሰዓት ግን እያንዳንዱ ኪሎ ራሱን ያስታውቃል።

እግርና ጤና

የተሳላሚ መኪናው እግሩ ነው። ብዙ ሰው ለበዓል ብሎ አዲስ ጫማ ገዝቶ ይነሣል። ይህ ስሕተት ነው። አዲስ ጫማ ይልጣል። ጫማው ከአንድ ወር በፊት ተገዝቶ እርሻና ገበያ ይለመድበት። ባዶ እግር መሄድም ጥሩ አይደለም። በደቡብ ደጋማ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ብዙ ዓመት የሄደ ሰው እግሩ ሊያብጥበት እንደሚችል ታውቋል። በየምሽቱ እግርን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። የቀላ ቦታ ካለ ውኃ ሳይቋጥር ንጹሕ ጨርቅ ይደረግበት። የቋጠረውን በእሾህ መብጣት ቁስሉን ያመረቅዛል።

ወባን በሚመለከት አንድ ነገር መገንዘብ ይገባል። ከጂንካ ደጋ ወርደን ወይጦን ስናቋርጥና አርባ ምንጭ ስናድር የወባ ትንኝ ባለበት አገር ውስጥ ነን። የነከሰችን ትንኝ ወዲያው አታሳምመንም። ትኩሳቱ የሚመጣው አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ እኛ በወልድያና በላሊበላ መካከል ደጋ ላይ ነን። ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ይተኛል። እንዲያውም ወባ ይሆናል። ስለዚህ በቆላ ሲያድሩ አጎበር መጠቀም፣ ትኩሳት ሲመጣም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ «በዚህ ቀን በቆላ አድሬአለሁ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

ውኃ ሌላው ነገር ነው። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ውኃ ቶሎ ይቆሽሻል። ተቅማጥና ትውከት ከዚያ ይመጣሉ። የፈላ ወይም በመድኃኒት የታከመ ውኃ እንጠጣ። ቅማል ግርሻ የተባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ስለዚህ ተጨናንቀን ስናድር ልብሳችንን እንመልከት፤ ስንመለስም እንቀቅለው።

እርጉዝ ሴት፣ የሚያጠባ ሕፃን የያዘች እናት፣ ወይም በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክር።

የመንገዱ ሰላም

መንገድ በካርታ ላይ ክፍት ሆኖ በምድር ላይ ሊዘጋ ይችላል። ላሊበላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ቀጣና ሆና ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ከመናኸሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤትና በቅርቡ ከዚያ ከመጣ ሰው መጠየቅ አለብን። ሰላም ከሌለ ገንዘቡ ተቀምጦ ዓመቱን ይጠብቅ። መታወቂያ መያዝ፣ ሌሊት አለመጓዝ፣ ከአራት ሰው ባላነሰ ቡድን መሄድ ደንባችን ይሁን።

ሙከራው ጉዞ

እነዚያ አራት ሰዎች ትልቁን መንገድ ከመጀመራቸው በፊት ትንሹን ሞከሩ። ከጂንካ ቀይ አፈር ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በለጥ ይላል። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ይውላል። ረቡዕ ጠዋት የጉዞውን ሸክም በሙሉ ተሸክመው ተነሡ፤ መንገድ ላይ አደሩ፤ ሐሙስ ገበያው ሳይበተን ደረሱ። ዐርብና ቅዳሜ ተመለሱ።

በዚያ ሙከራ ብዙ ነገር ታወቀ። የአንዱ ጫማ ተረከዙን ላጠው። የሌላው አቁማዳ ማንጠልጠያ ተበጠሰ። እማማ ሁለት ጋቢ ይዘው ነበር፤ አንዱ እንደሚበቃ አዩ። ውኃ ለመያዝ አንድ ቅል እንደማይበቃም ተረዱ። ይህ ሁሉ ስሕተት በጋሸና ብርድ ላይ ከሚታወቅ በቀይ አፈር መንገድ ላይ መታወቁ ይሻላል። እርምቱ ሁሉ በደብተሩ ላይ ተጻፈ።

ለቤት የሚተው

ከመነሣት በፊት ለቤት ሰው በወረቀት የሚተዉ ነገሮች አሉ። የምንመለስበት ቀን፣ አብረውን የሚሄዱ ሰዎች ስም፣ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር፣ ያለብን ዕዳና ከሰው ያለን ገንዘብ፣ ዘሩ የተቀመጠበት ቦታ፣ ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ስም። ድሮ ይህ ሁሉ በቃል ይነገር ነበር። ቃል ይረሳል። ዛሬ መጻፍ ችለናል፤ ስለዚህ እንጻፈው።

ሂሳቡ ተሠርቶ ባለቀበት ማታ እማማ ደብተሩን ወደ ኩራዙ አስጠግተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ለቤት የሚተው፤» ብለው ደገሙት። ቀጥለውም «በሉ ላሚቱን አልሸጥም። ስለቱ የወጣው ለልጄ ነው፤ ወተቱን የሚጠጣውም እርሱ ነው። አምላክ አንድ ዓመት ይታገሠኛል፤» አሉ።

በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ 150 ብር ለገንዘብ ያዡ ሰጡ። በደብተሩም የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀኑን፣ ስማቸውንና ገንዘቡን በራሳቸው እጅ ጻፉ።

ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 200 ኪሎ ሜትር በስንት ቀን ይጨርሳል?
2. ለአንድ ሰው 7 ኪሎ ስንቅ ቢያስፈልግ ለአራት ሰው ስንት ኪሎ ይሆናል?
3. የመመለሻ ገንዘብ ለብቻው የሚቀመጠው ለምንድን ነው?
4. በቆላ የተነከሰ ሰው በደጋ የሚታመመው ለምንድን ነው?
5. እናንተ ልትሄዱበት የምታስቡት ቦታ የት ነው? ሰባቱን የወጪ መስመሮች በደብተራችሁ ጽፋችሁ በገበያችሁ ዋጋ ሙሉ።